«ከየት መጣብኝ?»
ኮሌስትሮል በሰውነታችን ውስጥ የሚሠራበት፣ የሚጓዝበትና የሚወጣበት መንገድ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በምትገኘው ማንኩሳ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሰው ቶሎ አይበተንም። የገበያው ዋጋ ይነሳል፤ የዝናቡ ነገር ይነሳል፤ የልጆች ትምህርት ይነሳል። ከዕለታት በአንዱ እንዲህ ተቀምጠን ሳለ ዕድሜያቸው ሃምሳን የተሻገረ አንድ ነጋዴ ከኪሳቸው የታጠፈ የላቦራቶሪ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ።

«ኡስታዝ፣ እስቲ ይህን እይልኝ» አሉ።

አየሁት። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 284፣ ኤል.ዲ.ኤል. 210፣ ኤች.ዲ.ኤል. 42፣ ትራይግሊሰራይድ 160 ይላል። ቁጥሩ በአንድ ዴሲ ሊትር፣ ማለትም በሊትር አንድ አሥረኛ ደም ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ የሚናገር ነው።

«ባለፈው ዓመት እንዲሁ ከፍ ብሎ ነበር። ሐኪሙ ክኒን አዘዘልኝ፤ ጮማና ቅቤ ተው አለኝ። ተውኩ። ክኒኑንም ዋጥኩ። በሦስተኛው ወር ስመረመር ጠቅላላው 181 ሆነ። አልሐምዱሊላህ፣ ዳንኩ ብዬ ክኒኑን ተውኩት። ቅቤውን ግን እስካሁን አልነካሁም፤ የቤቴ ሰው ምስክር ነው። ይኸው አራት ወር ሳይሞላ ተመልሶ መጣ። ልጠይቅህ፣ እኔ ካልበላሁት ከየት መጣብኝ?»

ውድ አንባቢያን፣ የእኚህ አባት ጥያቄ የብዙዎቻችን ጥያቄ ነው። ኮሌስትሮል ሲባል ከውጭ በምግብ የሚገባ መርዝ አድርገን የምናስብ ጥቂት አይደለንም። የሰባ ሥጋ የሚበላ ሀብታም በሽታ ነው፣ ቀጭን ሰው አይነካውም እንላለን። እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ለጥያቄያቸው መልስ ለማግኘት አላህ (ሱ.ወ.) በሰውነታችን ውስጥ ያኖረውን አንድ የሚደንቅ ሥርዓት ከመነሻው እስከ መውጫው መከተል ይኖርብናል።

ለመሆኑ ኮሌስትሮል ምንድነው?

ኮሌስትሮል እንደ ሰም ያለ፣ በውኃ የማይሟሟ ቅባት ነክ ነገር ነው። ስሙ የተገኘው ሐሞትና ጠጣር የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት ሲሆን፣ ምክንያቱም ሊቃውንት መጀመሪያ ያገኙት በሐሞት ጠጠር ውስጥ በመሆኑ ነው።

ይህ ነገር ባይኖር ሰው በሕይወት አይኖርም። የእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን ሳይፈስስም ሳይደርቅም እንዲጸና የሚያደርገው ኮሌስትሮል ነው። ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት የሚያደርጉት ሆርሞኖች፣ በጭንቅና በሕመም ጊዜ የሚረዳን ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞን የሚሠሩት ከእርሱ ነው። ቅባት የሚፈጭልን ሐሞትም ዋና ጥሬ ዕቃው ኮሌስትሮል ነው። የፀሐይ ብርሃን በቆዳችን ላይ ወደ ቫይታሚን ዲ የሚለውጠው ነገር የኮሌስትሮል የቅርብ ዘመድ ነው። በሰውነታችን ካለው ኮሌስትሮል አንድ አምስተኛ የሚሆነው ወይም ከዚያ የሚበልጠው የሚገኘው በአንጎላችን ውስጥ ነው። አንጎል ደግሞ ከደም አይበደርም፤ የሚያስፈልገውን ራሱ ይሠራል።

እንግዲህ ኮሌስትሮል በራሱ ጠላት አይደለም። ጠላት የሚሆነው ሚዛኑ ሲዛባ ነው።

ፋብሪካው በውስጣችን ነው

ለአባታችን ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ እዚህ ላይ ይገኛል። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ወደ 1 ግራም የሚጠጋ ኮሌስትሮል በራሱ ሰውነት ውስጥ ይሠራል። በምግብ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.5 ግራም ሲሆን፣ ከዚያም ወደ ደም የሚዘልቀው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ኮሌስትሮል በአፋችን የገባ ሳይሆን በውስጣችን የተሠራ ነው።

ሥራው የሚካሄደው በሁሉም ሕዋሳት ቢሆንም ጉበትና አንጀት ከፍተኛውን ድርሻ ይይዛሉ። ጥሬ ዕቃው አሴቲል ኮኤ የሚባል፣ ሁለት ካርቦን ብቻ ያለው ጥቃቅን ነገር ነው። ይህ ደግሞ ከስብ ብቻ አይገኝም፤ ከእንጀራውም፣ ከዳቦውም፣ ከስኳሩም ይገኛል። ሕዋስ እነዚህን ጥቃቅን ነገሮች እየቀጣጠለ ወደ 30 በሚጠጉ ደረጃዎች አልፎ 27 ካርቦን ያለውን ኮሌስትሮል ያወጣል። ይህን ረጅም መንገድ የፈለጉት ኮንራድ ብሎክና ፌኦዶር ሊነን የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1964 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ከደረጃዎቹ አንዱ እንደ በር ጠባቂ ነው። በዚያ ቦታ የሚሠራ አንድ ኢንዛይም ሲፈጥን ምርቱ ይጨምራል፤ ሲዘገይ ይቀንሳል። ስሙ ረጅም ቢሆንም፣ ኤች.ኤም.ጂ. ኮኤ ሪዳክቴዝ፣ ኋላ ስለ ክኒኑ ስንነጋገር እንመለስበታለንና በአእምሯችን እንያዘው። ይህ ፋብሪካ ይበልጥ የሚበረታው ደግሞ ሌሊት፣ እኛ ተኝተን ሳለን ነው።

ሚዛኑ እንዴት ይጠበቃል?

አንዲት የቤት እመቤት የውኃው እንስራ ሲጎድል ልጇን ወደ ምንጭ ትልካለች፤ ሲሞላ ደግሞ ይብቃ ትላለች። በሕዋስ ውስጥም እንዲሁ ኮሌስትሮሉ ሲጎድል የሚያውቅ ጠቋሚ አለ። ጉድለት ሲሰማው ወደ ሕዋሱ እምብርት መልእክት ይደርስና ሁለት ትእዛዞች በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። አንደኛው «ሥሩ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ከደም ለመቀበል በር ክፈቱ» የሚል ነው። ኮሌስትሮሉ ሲሞላ ደግሞ ሁለቱም ትእዛዞች ይቆማሉ።

በዚህ የተነሳ ነው ብዙ ጤነኛ ሰዎች እንቁላል ሲበሉ የደማቸው ኮሌስትሮል ብዙም ከፍ የማይለው። በአንድ እንቁላል ውስጥ ወደ 200 ሚሊግራም የሚጠጋ ኮሌስትሮል አለ። ሰውነት ከውጭ የገባውን አይቶ የራሱን ምርት ይቀንሳል። ሰው ሁሉ ግን እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ይህን ሚዛን የመጠበቅ አቅሙ ደካማ ነው።

ከእንቁላሉ ይልቅ ሚዛኑን አብዝቶ የሚያዛባው ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የስብ ዓይነት ነው። ይህ የረጋ ስብ ሲበዛ ጉበት ከደም ኮሌስትሮል የሚቀበልባቸው በሮች ይቀንሳሉ። በሩ ሲያንስ ደግሞ ጭነቱ በደም ውስጥ ይከማቻል።

በደም ውስጥ የሚጓዝበት መንገድ

ደም ውኃማ ነው፤ ቅባትና ውኃ ደግሞ አይስማሙም። ስለዚህ ኮሌስትሮል ብቻውን በደም ውስጥ መጓዝ አይችልም። በፕሮቲን በተሸፈኑ እንክብሎች ውስጥ ተጭኖ ይሄዳል። እነዚህ ጫኞች ሊፖፕሮቲን ይባላሉ።

ከምግብ የተገኘው ቅባት ከአንጀት ተነስቶ በትላልቅ እንክብሎች ይጓዝና መጨረሻው ወደ ጉበት ይደርሳል። ጉበት ደግሞ የራሱን ቅባትና ኮሌስትሮል ጭኖ ወደ ደም ይልካል። ይህ ጭነት በየመንገዱ ቅባቱን ለጡንቻና ለሌላው አካል እያራገፈ ሲሄድ ይቀንሳል፤ በመጨረሻም በኮሌስትሮል የተሞላ ትንሽ እንክብል ሆኖ ይቀራል። እርሱም ኤል.ዲ.ኤል. የሚባለው ነው። ይህ እንክብል በደም ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይዞርና አብዛኛው ተመልሶ በጉበት በር ይገባል።

የጉበቱ በር ሥራ የሚያስገርም ነው። በሕዋሱ ሽፋን ላይ ቆሞ ኤል.ዲ.ኤል.ን ይይዛል፤ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ጭነቱን አራግፎ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሌላ ይይዛል። እንዲህ እያለ ሌሊትና ቀን ይሠራል።

ኤች.ዲ.ኤል. ደግሞ ከየሕዋሱና ከደም ሥር ግድግዳ ትርፉን እየሰበሰበ ወደ ጉበት ይመልሳል። «ጥሩው ኮሌስትሮል» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ጥሩው ከፍ ያለለት ሰው መጥፎው ቢበዛም አይጎዳም ማለት አይደለም። ኤች.ዲ.ኤል.ን ብቻ ከፍ የሚያደርጉ መድኃኒቶች ተሞክረው የልብ በሽታን እንደታሰበው አልቀነሱም። ዋናው ነገር የኤል.ዲ.ኤል. መጠን ነው።

ኤል.ዲ.ኤል. በደም ውስጥ ሲበዛ በደም ሥሮች ግድግዳ ውስጥ ይሰርጋል። እዚያም ይጠራቀማል፤ ግድግዳው ይቆጣል፤ በዓመታት ውስጥ ጠባሳና ክምር ይሠራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውዬው አንዳች አይሰማውም። አያመውም፣ አያስለውም፣ አያተኩሰውም። አንድ ቀን ግን ክምሩ ይሰነጠቅና ደም በላዩ ይረጋል። በልብ የደም ሥር ከሆነ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ሕመም ይሆናል፤ በአንጎል ከሆነ ስትሮክ ይሆናል።

በሩ ከልደት ጀምሮ ሲበላሽ

ይህን ያህል ካስረዳኋቸው በኋላ አባታችን ዝም አሉ። ከዚያም ያልጠበቅሁትን ነገር ነገሩኝ።

«ታናሽ ወንድሜ በ44 ዓመቱ ነው የሄደው። አውድማ ላይ ጤፍ እየወቃ ነበር። ደረቴን አለ፣ ተቀመጠ፣ አልተነሳም። ሰው ነፋስ መታው አለ። ከሲታ ሰው ነበር፣ ሥጋም የሚበላው ለዒድ ነው። አባታችንም እንዲሁ በድንገት ነበር የሞተው።»

ከተቀመጡበት እግራቸውን ዘረጉ። ከተረከዛቸው በላይ ያለው ጅማት ከተለመደው ወፍሮ ጎላ ብሎ ይታያል። «ይህም በወንድሜ ላይ ነበር። የሥራ ብዛት ነው እንል ነበር» አሉ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ያነበብኩትንና የተማርኩትን አውቃለሁ። እርሳቸውን ወደ ሐኪም ከመመለስ በቀር ማለት የምችለው አልነበረኝም። ሐኪሙ ታሪኩን ከሰማና ጅማቱን ካየ በኋላ በዘር የሚተላለፍ የኮሌስትሮል መብዛት ሳይሆን እንደማይቀር ነገራቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጉበቱ በር መሥሪያ ሆኖ የሚያገለግለውን መመሪያ ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ እንወርሳለን። ከሁለቱ አንዱ የተበላሸ ከሆነ የበሮቹ ቁጥር በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ኤል.ዲ.ኤል.ም ከልደት ጀምሮ ከፍ ይላል። በዓለም ላይ ከ250 እስከ 300 ከሚሆኑ ሰዎች አንዱ እንዲህ ነው ተብሎ ይገመታል። የዚህ ሰው እያንዳንዱ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሕክምና ካላገኙት ወንዶች ግማሽ ያህሉ 50 ዓመት ሳይሞላቸው በልብ የደም ሥር በሽታ ይጠቃሉ። ውፍረትና ቅጥነት እዚህ ላይ ልዩነት አያመጣም። ከሲታውም ይሞታል።

መመሪያውን ከሁለቱም ወገን ተበላሽቶ የሚወርሱ ልጆች ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚታመሙት ግን በልጅነታቸው ነው። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቲን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህን የጉበት በር ያገኙት እንደነዚህ ያሉ ሕፃናትን ሕዋስ በመመርመር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ማንሳት ተገቢ ይመስለኛል። የአጎት ልጅ ጋብቻ በሸሪዓ የተፈቀደ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ወገን በወጣትነት በልብ ሕመም የሞቱ ሰዎች ካሉ፣ ኒካሕ ከመታሰሩ በፊት ሁለቱ ወጣቶች ደማቸውን ቢመረመሩ ለሚመጣው ልጅ መጠንቀቅ ነው።

ከዚህ የተገላቢጦሽ የሆነም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ከአፍሪካ ዘር ከሆኑ ሰዎች መካከል በተፈጥሮ የጉበታቸው በር ቶሎ የማይፈርስላቸው እንዳሉ አሳይቷል። የእነዚህ ሰዎች ኤል.ዲ.ኤል. ከሌላው በ28 በመቶ ዝቅ ያለ ነው፤ በልብ የደም ሥር በሽታ የመጠቃት ነገራቸው ግን በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ዕድሜ ልክ በጥቂቱ ዝቅ ማለት በእርጅና ጊዜ በብዙ ከመቀነስ እንደሚበልጥ ከዚህ እንረዳለን። ለወጣቶች የሚነገረው ቁም ነገርም ይኸው ነው።

መውጫው አንድ ነው

ስኳርን ሰውነት ያቃጥለዋል፤ ስብንም ያቃጥለዋል። ኮሌስትሮልን ግን ማቃጠል አይችልም። ቀለበት በቀለበት የተያያዘውን አካሉን የሚሰብር መሣሪያ የለንም። በላብ አይወጣም፤ በሽንትም አይወጣም። ትልቁ መውጫ በጉበት፣ በሐሞትና በአንጀት በኩል ነው።

ጉበት ኮሌስትሮልን በሁለት መንገድ ወደ ሐሞት ይጥለዋል። ከፊሉን እንዳለ ይለቀዋል፤ ከፊሉን ወደ ሐሞት አሲድ ይለውጠዋል። ሐሞት ምግብ ስንበላ ወደ ትንሹ አንጀት ይፈስና ቅባቱን ይፈጫል። ከዚያ በኋላ ግን አብዛኛው አይወጣም። 95 በመቶ የሚሆነው የሐሞት አሲድ በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይመጠጥና ወደ ጉበት ይሄዳል። በሰውነታችን ያለው የሐሞት አሲድ ከ2 እስከ 4 ግራም ብቻ ሆኖ ሳለ በቀን ከ6 እስከ 10 ጊዜ ይመላለሳል። በሰገራ የሚወጣው በቀን ግማሽ ግራም ያህል ነው። ጉበት የጎደለውን ለመተካት ከደም ኮሌስትሮል ይወስዳል። ሐሞቱ ውስጥ ኮሌስትሮሉ ከመጠን በላይ ሲበዛ ደግሞ ይረጋና የሐሞት ጠጠር ይሆናል።

እንግዲህ ብዙ ሐሞት አሲድ በሰገራ እንዲወጣ ቢደረግ ጉበት ተጨማሪ በር ከፍቶ ኤል.ዲ.ኤል.ን ከደም ይስባል ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ምግብ ደግሞ በደጃችን አለ። ገብስና አጃ ውስጥ ያለው የሚያጣብቅ አሰር በአንጀት ውስጥ ሐሞቱን ይዞ ያስወጣል። በቀን 3 ግራም ያህል የዚህ አሰር ኤል.ዲ.ኤል.ን ከ5 እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ተረጋግጧል። ባቄላ፣ ሽምብራና ምስርም በዚህ በኩል ይረዳሉ። በሶና የአጃ ገንፎ የድሃ ምግብ ተብለው የሚናቁ አይደሉም።

ክኒኑ ምን ይሠራል?

አኪራ ኤንዶ በሰሜን ጃፓን ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነበር። ሻጋታዎች ራሳቸውን ለመከላከል የኮሌስትሮልን ፋብሪካ የሚያቆም ነገር ያመርቱ ይሆናል ብሎ አሰበ። ወደ 6,000 የሚጠጉ የሻጋታ ዓይነቶችን ከመረመረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 የፈለገውን በእህል ላይ ከሚበቅል ሻጋታ አገኘ። ስታቲን ለሚባሉት መድኃኒቶች መነሻ የሆነው ይህ ነው። የመጀመሪያው ስታቲን እ.ኤ.አ. በ1987 ለሕዝብ ቀረበ። ኤንዶ በ2024 እ.ኤ.አ. ዐርፏል።

ስታቲን ቀደም ሲል በር ጠባቂ ያልነውን ኢንዛይም ይይዘዋል። ምርቱ ሲቀንስ የጉበት ሕዋስ ጎደለብኝ ይላል፤ በሮቹን ያበዛል፤ ከደም ኤል.ዲ.ኤል.ን ይስባል። ነገር ግን ክኒኑ ፋብሪካውን አያፈርሰውም፤ ያስታግሰዋል እንጂ። ክኒኑ ሲቆም ኢንዛይሙ ይለቀቃል፤ ፋብሪካው ወደ ቀድሞው ሥራው ይመለሳል።

የአባታችን የስህተት ምንጭ ይህ ነበር። 181 የሚለውን ቁጥር ሲያዩ የዳኑ መሰላቸው። ቁጥሩ ግን የሚነግራቸው ክኒኑ እየሠራ መሆኑን ነው። ቅቤውን መተዋቸው ጠቅሟቸዋል፤ ብቻውን ግን አልበቃም፤ ምክንያቱም በሩ የተበላሸው ከልደታቸው ጀምሮ ነው።

ክኒኑ እንደማንኛውም መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ሊኖረው ይችላል። ጡንቻ የሚያምመው ሰው አለ፤ እንዲህ ሲሆን ራስ አቁሞ ከመቀመጥ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል፤ መጠኑ ወይም ዓይነቱ ሊለወጥ ይችላልና። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች እህት አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት። በረመዷን የሚጾም ሰውም አይቸገር፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ክኒን ከኢፍጣር በኋላ ወይም በሰሑር ሊዋጥ ይችላል።

ጥቁር አዝሙድስ? ብለው የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያወደሱት በረከት ያለው ነገር መሆኑን እናምናለን። ኮሌስትሮልን በመጠኑ እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ውጥን የሚጠጡም አሉ። ነገር ግን ኤል.ዲ.ኤል.ው 210 ለሆነ፣ ወንድሙን በ44 ዓመቱ ለቀበረ ሰው እነዚህ በክኒኑ ላይ ይጨመሩ እንጂ በክኒኑ ፋንታ አይሆኑም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እርጅና ሲቀር ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት መኖሩን ነግረው እንድንታከም አዘውናል። ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጣላም።

በማዕዳችን ላይ

በገበያ የምናየው ብዙ የዘይት ጄሪካን «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚል ጽሑፍ አለበት። ጽሑፉ ውሸት አይደለም። ከዕፅዋት በሚገኝ ዘይት ሁሉ ኮሌስትሮል የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ ከላይ እንዳየነው ሰውነት ኮሌስትሮልን ራሱ መሥራቱና በሮቹን የሚያሳንሰው የረጋ ስብ መሆኑ ነው። ከውጭ ከሚገባው ዘይት ብዙው የፓልም ዘይት ነው፤ ከስቡ ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ነው። በጠዋት ብርድ በጄሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚረጋው ለዚህ ነው። ከዚህ ይልቅ የኑግ ዘይት በልብ ወዳጅነቱ ይሻላል፤ ከስቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው የማይረጋ ዓይነት ነውና። ጎጃም ደግሞ የኑግ አገር ነው። በቡሬ ከተማም በ2013 ዓ.ም. ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቋል። ዘይት ስንገዛ ኮሌስትሮል የለውም የሚለውን ከማንበብ ይልቅ ከምን እንደተሠራ እንጠይቅ።

ቅቤ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ነው። የእንግዳ ክብር፣ የአራስ ጥሪት ነውና ፈጽሞ ይጥፋ አንልም። ወጡ ላይ በማንኪያ እንጂ በጭልፋ አይሁን። በረመዷን ሳንቡሳው በአንድ ዘይት አሥር ቀን ሲጠበስ እናያለን፤ ይህም ይቅር። ለዒድ የታረደው ሥጋ ጮማው ተነጥሎ ቢበላ ከበዓሉ ደስታ የሚቀንስ ነገር የለም። ጠዋት ፋጂር ሰግዶ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ፣ ሲጋራን መተው፣ የደም ግፊትንና ስኳርን መታከም ኤል.ዲ.ኤል. የሚያደርሰውን ጉዳት ይቀንሳሉ።

በሱረቱል አዕራፍ አላህ (ሱ.ወ.) መብላትና መጠጣትን ፈቅዶ ድንበር ማለፍን ከልክሏል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሆድን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ከሦስት መክፈልን አስተምረውናል። በሰውነታችን ውስጥ ያለው ሥርዓት ይህንኑ ሚዛን ይመሰክራል።

ማን ይመርመር?

በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ100 አዋቂዎች 5 ያህሉ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው ከ190 የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩ ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ያለ ነው። ዝቅ ማለቱ ግን ለአንድ ቤት ዋስትና አይሆንም። በቤተሰባቸው ከ55 ዓመት በታች የሆነ ወንድ ወይም ከ65 ዓመት በታች የሆነች ሴት በልብ ሕመም ወይም በድንገት የሞተባቸው፣ የተረከዝ ጅማታቸው የወፈረ፣ በዓይናቸው ሽፋን ላይ ቢጫ ነገር የተለጠፈባቸው ሰዎች ሳይዘገዩ ይመርመሩ። እንዲህ ያለ ወላጅ ያላቸው ልጆችም ከ10 ዓመታቸው በፊት ቢመረመሩ ይመከራል።

አባታችን አራት ልጆች አሏቸው። ክኒኑን መልሰው ጀምረዋል። ልጆቹንም አንድ በአንድ ወደ ፍኖተ ሰላም ወስደው አስመረመሩ። ሦስቱ ደህና ናቸው። የ14 ዓመቱ ልጅ ግን የአባቱን ወርሷል፤ ከሲታ ነው፣ ኳስ ተጫዋች ነው፣ አያመውም። ነገሩን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተሰበረ።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አሉ።

«ጋሼ፣ ይህን እርስዎ አልመረጡትም፤ እርስዎም የወረሱት ነው» አልኳቸው። «ለአጎቱ ማንም አልደረሰለትም። ለእሱ ግን ሠላሳ ዓመት አስቀድመው ደርሰውለታል።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ኢንሻአላህ፣ ከእኔ ጋር አብሮ ይውጣል» አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ በዘመዶቻችሁ መካከል በወጣትነቱ ደረቱን ይዞ የሄደ ሰው ካለ፣ ታሪኩን ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ለሐኪማችሁም ንገሩ። አላህ (ሱ.ወ.) የሞቱብንን ይማርልን፤ የቀሩልንን ይጠብቅልን። አሚን።